በቁመቴ ልክ የተሳልኩት ጥድ

ከመልአክ ጋር ስዋዋል እንኳ ጥንቃቄዬን አልተውኩም። ሌላ ሰው ቢሆን በጭንቀቱ ሰዓት የወርቅ ጃንጥላ፣ የሐር መጋረጃ እያለ ያለ የሌለውን ይዘረግፋል። እኔ ግን ዕድሜዬን መዝገብ ቤት የፈጀሁ ሴት ነኝ፤ የምፈርመውን አንብቤ ነው የምፈርመው። እናቴ ደብረ ብርሃን ላይ የዓይን ሞራዋን ልትገፈፍ በገባችበት ጠዋት፣ እኔ ፈቃድ ተከልክዬ እዚሁ አርባ ምንጭ ቀርቼ፣ የሰፈራችን ደብር ደጃፍ ላይ ቆሜ እንዲህ አልኩ፦ «የእናቴን ዓይን አብራልኝ እንጂ፣ ከእሷ ጓሮ ጥድ አስመጥቼ፣ በቁመቴ ልክ አሳድጌ፣ ለግቢህ አስገባለሁ።»

የትኛው መልአክ እንደሆነ ስሙን አልጠራም። ክብረ በዓሉ ሰኔ ላይ ነው፤ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ጥድ ያልኩት ደብሩ ግቢ ውስጥ ከኒም በቀር ዛፍ ስለሌለ ነው። ኒም ጥሩ ዛፍ ነው፣ አልጠላውም። ነገር ግን እኔ ባደግኩበት አገር ቤተ ክርስቲያን ከሩቅ የሚለየው በጥዱ ነው፤ ጥድ የሌለው ቤተ ክርስቲያን ሁልጊዜ ጥምጥሙን ረስቶ የወጣ ቄስ ይመስለኛል። «በቁመቴ ልክ» ያልኩት ደግሞ አጭር ስለሆንኩ ነው። መሥሪያ ቤት የላይኛውን መደርደሪያ የምደርስበት በርጩማ ላይ ወጥቼ ነው። ሰው ሲጨንቀው ቁመቱን ይረሳል፤ እኔ አልረሳሁም።

መልአኩ የራሱን ድርሻ ወዲያው ፈጸመ። ፋሻው ሲፈታ እናቴ መጀመሪያ ያየችው ነርሷን ነበር፤ «ውይ ልጄን፣ ምነው እንዲህ ከሳሽ?» አለቻት አሉ። ስለቱን በስልክ ስነግራት እልል አለች። ቁመቱን ስነግራት ግን፣

«መለሎ ብትሆኚ ኖሮ ምን ልትይ ነበር?» አለችኝ።

«ጧፍ።»

በመንገደኛ እጅ የላከችልኝ ችግኝ ከአጥሯ ሥር የተነቀለ የፈረንጅ ጥድ ነበር። «እማዬ፣ ይሄ እኮ የሐበሻ ጥድ አይደለም» ብዬ ደወልኩ። «ስለትሽ ላይ ዜግነት ጠቅሰሻል?» አለች። አልጠቀስኩም። እንግዲህ ጥንቃቄ ከማን እንደወረስኩ ግልጽ ነው።

የመጀመሪያውን ችግኝ የገደልኩት በጠበል ነው። የመልአኩ ንብረት ነውና የቧንቧ ውኃ ለእሱ ነውር መሰለኝ፤ ስለዚህ ጠዋት ጠበል፣ ማታ ጠበል። ከወር በኋላ ቢጫ ሆነ፤ ስነቅለው ሥሩ በስብሶ ቅቤ መስሏል። በጠበል ብዛት የሞተ የመጀመሪያው ፍጥረት ሳይሆን አይቀርም። ለነፍስ አባቴ ስናዘዝ ፊታቸውን በመስቀላቸው ሸፈኑ። መጀመሪያ ያዘኑ መስሎኝ ነበር።

ሁለተኛው ሲመጣ ጠበሉን ትቼ በሌላ ስሕተት ተካሁት። የአርባ ምንጭን ሙቀት የሚያውቅ ያውቃል፤ ሙዝና ማንጎ የሚጨፍርበት አየር ለብርድ አገር ጥድ እቶን ነው። ስለዚህ ከፍሪጅ ቀዝቃዛ ውኃ እያወጣሁ አጠጣው ጀመር። ጎረቤቴ አንድ ቀን በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ አየችኝ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«አገሩ እንዳይናፍቀው ነው።»

«ታዲያ ጋቢም ደርቢለታ!»

ጎረቤቴ የጋሞ ልጅ ናት፤ አስተማሪ፣ ጴንጤ፣ ሳቋ እስከ አስፋልት የሚሰማ። ከቤተሰቤ ርቄ በኖርኩበት በዚህ ሁሉ ዘመን ስታመም አጥሚት ያመጣችልኝ፣ ስድን ደግሞ ያሾፈችብኝ እሷ ናት። «እኛ ጌታን በቀጥታ ነው የምናነጋግረው፤ እናንተ በመልአክ በኩል፣ አሁን ደግሞ በዛፍ በኩል!» ትለኛለች። እኔም፣ «እንደዚያ እየጮኻችሁ አነጋግራችሁት እስካሁን ካልሰማ፣ ዛፍ ብትሞክሩ ምናለበት?» እላታለሁ። እንዲህ እየተባባልን በሰላም እንኖር ነበር።

እሷው ናት መፍትሔ ያመጣችው። «የሚናፍቀው አፈሩ ነው» አለችና ገረሴ፣ ደጋው ላይ ካለው አጎቷ ዘንድ አንድ ጆንያ ጥቁር አፈር አስመጣችልኝ። በርሜል አስቆርጠን፣ ታቹን በስተን፣ ጠጠር ረበረብንበት፤ ውኃ እንዳይቋጥር። ሁለት ዓመት የቀትር ፀሐይ እንዳያገኘው በአራት እንጨት ላይ ጆንያ ወጠርኩለት። ምስጥ እንዳይወጣበት በርሜሉን በአመድ ከበብኩት። በየሳምንቱ በርሜሉን ትንሽ ትንሽ አዞረው ነበር፤ ካልዞረ ፀሐይ ወዳለበት ይጎብጣል፣ ለመልአክ ደግሞ ጎባጣ አይሰጥም። የመሥሪያ ቤታችን የእርሻ ባለሙያ አንድ ቀን መጥቶ አየውና፣ «ጎኑን ከፈለግሽ ከርክሚው» አለኝ፣ «ጫፉን ግን እንዳትነኪ። ጫፉ ከተቆረጠ ወደ ላይ ማደጉን ትቶ ወደ ጎን ይወፍራል፤ ልክ እንደተሾመ ሰው።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ጫፉን በዓይኔ እንጂ በእጄ ነክቼው አላውቅም።

እናቴ ደግሞ ከዛፉ ጋር ዓይኗን አቆራኘችው። በየእሑዱ ከቅዳሴ መልስ ትደውላለች።

«ዛሬ በግራ ዓይኔ ጭጋግ አየሁ። ጥዱን አላጠጣሽውም እንዴ?»

«እማዬ፣ ጭጋጉ እኮ የደብረ ብርሃን ነው።»

«የደብረ ብርሃንን ጭጋግ አውቀዋለሁ። ይሄ የስለት ጭጋግ ነው።»

መሳቄን ሳቅኩ፣ ግን እፈራ ነበር። ሰባ ያለፈች ሴት፣ ብቻዋን፣ እኔ እዚህ። ስለቱ ሳይገባ ዓይኗ አንድ ነገር ቢሆን ሐኪሙን አትወቅስም፣ ዕድሜዋንም አትወቅስም፤ እኔንም አትወቅስም። ዝም ብላ ትቀመጣለች። የዝምታዋ ነገር ነው የሚያስፈራኝ። ስለዚህ በአራተኛው ዓመት፣ «የዘንድሮ ሰኔ አያልፍም፣ አስገባለሁ» ብዬ ቃል ገባሁላት።

በዐቢይ ጾም መግቢያ ጎረቤቴ በበርሜሉ አፈር ልክ በርጩማ ላይ አቁማኝ፣ ደብተር አናቴ ላይ አጋድማ ከጥዱ ጋር አስተያየችኝና፣ «አራት ጣት ቀርቶታል» አለች። «ወይ እሱ ይደግ ወይ አንቺ ጫማሽን አውልቂ።» ጫማዬን አውልቄ ነበር።

ከዚያ ፍየሏ መጣች።

ጎረቤቴ ፍየል አላት፤ በቆሎ ከሰው እጅ የምትቀማ፣ ዓይነ ደረቅ። በጾሙ በሁለተኛው ሳምንት ከሥራ ስመለስ አጥሩን ሾልካ ገብታ ጥዴን በአንድ ጎኑ ከወገቡ በታች ገፍፋዋለች። ግማሽ ቀሚሱ የለም። ጫፉ ስላልደረሰችበት ተርፏል። እኔ ቀኑን ሙሉ ውኃ እንኳ ባፌ ሳይዞር የዋልኩ፣ እሷ ቅጠሉን እያመነዠከች ቀና ብላ አየችኝ። ጎረቤቴ ጩኸቴን ሰምታ እየሮጠች ስትመጣ፣ መንገደኛው ሁሉ እየሰማ፣ ከአፌ የወጣው ይህ ነው፦

«ፍየልሽም እንዳንቺው ጾም አታውቅም!»

ሳቋን ጠበቅኩ። አልሳቀችም። ፍየሏን በቀንዷ ይዛ ወጣች፣ በሯን ዘጋች። ከዚያን ቀን ጀምሮ በአጥሩ ላይ አንገት አልታየም። ልብስ ስታጥብ ሁልጊዜ የምትዘምረው መዝሙር እንኳ ቀረ። ያንን መዝሙር ስንት ጊዜ «ዛሬስ ጌታ ጆሮውን ይይዛል» ብዬ እንዳላማሁት፣ አሁን ግቢው መቃብር ሆነብኝ። የነፍስ አባቴ «ታረቂ» አሉኝ። እሺ አልኩ በአፌ። በልቤ ግን «ፍየሏ ትጀምር» ብያለሁ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ እንዲህ ሆነን አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ በሬ ተንኳኳ። ጎረቤቴና አንድ ረጅም ሽማግሌ ናቸው፤ አፈር የላኩልን የገረሴው አጎቷ። ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ሰላም አሉኝ። ነገሩ ገባኝ፤ ወንበር ላምጣ ብዬ ወደ ውስጥ ገባሁ።

በጋሞ ሽማግሌ ለእርቅ ሲመጣ እርጥብ ሣር ይዞ ይንበረከካል። ያንን ሣር ረግጦ፣ ወይም እምቢ ብሎ የሚያልፍ ሰው የለም፤ ስንት የተቆጣ ጎረምሳ በአንድ ጭብጥ ሣር ሲመለስ አይቻለሁ። ችግሩ ጊዜው መጋቢት ነበር። ያን ዓመት ዝናቡ ዘግይቶ በእኔ ግቢም ሆነ በእሷ፣ እስከ አስፋልቱ ድረስ፣ እርጥብ የሚባል ሣር የለም፤ ሁሉም ነዶ ገለባ ሆኗል። በመስኮት ሳይ ሽማግሌው ግቢውን በዓይናቸው ይቃኛሉ። ከዚያ ዓይናቸው አንድ ነገር ላይ አረፈ። በግቢው ለምለም እሱ ብቻ ነው። ጎረቤቴ ጀርባዋን ሰጥታ በሩን እየዘጋች ነበር።

ወንበሩን እንደያዝኩ ሮጥኩ። እሳቸው ግን ረጅም ናቸው፤ እጃቸውን ዘረጉ፣ ቀጭ! ፍየሏ ያልደረሰችበትን ሽማግሌው ደረሱበት። ከስንዝር የሚበልጠውን ለስላሳውን ጫፍ ለሁለት ከፍለው፣ ግማሹን ለእህታቸው ልጅ ሰጥተው፣ ገና ደረጃው ላይ ሳለሁ ተንበረከኩ።

«ልጄ» አሉኝ በሁለት እጃቸው ጫፉን ወደ እኔ ዘርግተው፣ «ፍየላችን አጥፍታለች። እንስሳ ናት፣ አታውቅም። እኛ ግን እናውቃለን። ይቅር በዪን።»

አባቴ የሚሆኑ ሰው ተንበርክከዋል። የያዙት አራት ዓመቴን ነው። ጎረቤቴ ከኋላቸው ተንበርክካ በእጇ ያለውን ቅጠል አየች፣ ጥዱን አየች፣ እኔን አየች፤ ፊቷ ደነገጠ፣ ቀጥሎ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እርቅ ላይ ሆና ሳቋን እየታገለች ነው! እኔ ወንበሩን እንዳቀፍኩ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

«አየሽ?» አሉ ሽማግሌው ዘወር ብለው፣ «ልቧ ንጹሕ ነው። እንዲህ የሚጸጸት ሰው አይቼ አላውቅም።»

እውነቱን ለመናገር ያለቀስኩት ለጫፉ ነበር። ከዚያ ግን «ፍየላችን አጥፍታለች» ያሉት ነገር ዘግይቶ ገባኝ። የነገረቻቸው የፍየሏን ጥፋት ብቻ ነው። እኔ መንገድ ላይ የጮኽኩባትን አልነገረቻቸውም፤ ነግራቸው ቢሆን ተንበርካኪዋ እኔ ነበርኩ። ወንበሩን ጥዬ ፊታቸው ወደቅኩ።

«አባባ፣ ይነሡልኝ። ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ። ክፉ ቃል ተናግሬያታለሁ።»

«ምን ብለሽ?»

«ምንም አላለችም አጎቴ» አለች ጎረቤቴ ቀድማኝ። «ስለ ጾም ነው ያስተማረችን።»

ሽማግሌው ጾም ጥሩ ነው አሉ፤ ተነሡ፤ ተቃቀፍን። ጎረቤቴ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ በጆሮዬ፣ «ፍየሏም ይቅር ብላሻለች፣ ጾም ባታውቅም» አለችኝ። የመጋቢት ፀሐይ አናታችን ላይ ቆሞ ሁለታችንም እንደ እብድ ሳቅን።

ሻይ ቀርቦ ነው ጉዱ የወጣው። ጎረቤቴ ስለ ስለቱ ስትነግራቸው መጀመሪያ፣ «እኛ ዘንድ እኮ ጥድ አጥር ነው፤ በተቆረጠ ቁጥር ነው የሚያምርበት!» አሉ። «የታቦት ነው አጎቴ» ስትላቸው ብርጭቆውን አስቀመጡ። የትኛው ደብር እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ስነግራቸው ተነሥተው ግቢ ወጡ። ጥዱን ዞሩት፤ ከተቆረጠው ሥር ያለውን ብርቱ ቅርንጫፍ መርጠው ቀስ እያደረጉ ወደ ላይ አቀኑት፤ ከአጥሬ አንድ ቀርከሃ ሰንጥቀው ደገፉት፤ ከገረሴ ይዘው የመጡት የእንሰት ጥቅል የታሰረበትን ቃጫ ፈትተው ጠፈሩት። የተሰበረ ክንድ የሚያስር ወጌሻ ነበር የሚመስሉት።

«ራስ ሲሄድ ክንድ ራስ ይሆናል» አሉኝ። «ግን ካልያዙት አይቆምም። እስኪጸና አትፍቺው።»

ዝናቡ ሚያዝያ ላይ ገባ። ክንዱ ወደ ራስነት ማደግ ጀመረ፣ ግን ቀስ ብሎ ነው፤ ሹመቱን ገና ያላመነ ይመስላል። ግንቦት መጨረሻ ላይ ቅንድቤ ጋ ደረሰ። ከቅንድብ በላይ የቀረው ግንባር ነው፣ የእኔ ግንባር ደግሞ ሰፊ ነው። ጎረቤቴ፣ «ትንሽ ጎንበስ ብለሽ ቁሚ፣ ማን ያይሻል?» አለችኝ። ሲያይ የዋለው ማን እንደሆነ ጠቆምኳት። የነፍስ አባቴን ጠየቅኩ፤ «ስለት እንደተሳሉት ነው፣ አይጎድልም» አሉ፤ ትንሽ አሰብ አድርገው ደግሞ፣ «ለነገሩ ኮሚቴው ከዛፍ ይልቅ ሲሚንቶ ቢያገኝ ደስ ይለው ነበር» አሉኝ። በሲሚንቶ አልተሳልኩም።

ለእናቴ መናገር ነበረብኝ። እሑድ እስክትደውል አልጠበቅኩም፤ ሁሉንም ነገርኳት፦ ፍየሏን፣ የተናገርኩትን፣ ሽማግሌውን፣ ቅንድቤን። «ዘንድሮ አይደርስም እማዬ» አልኳት። ዝም አለች። የፈራሁት ዝምታ ይኸው መጣ ብዬ ግድግዳው ላይ ተደገፍኩ።

«የበራው የማን ዓይን ነው?» አለች በመጨረሻ።

«ያንቺ።»

«ታዲያ የአንቺ ቁመት እዚህ ውስጥ ምን አገባው? በባለ ዓይኗ ይለካ። መንገደኛ ሲገኝ ልኬን እልካለሁ።»

ከሳምንት በኋላ ፖስታ ደረሰኝ። ውስጡ ራሷ የፈተለችው የጥጥ ክር፣ ሁለቱ ጫፍ ተቋጥሯል። ጎረቤቴ ታችኛውን ቋጠሮ በርሜሉ አፍ፣ አፈሩ ላይ ያዘች፣ እኔ ላይኛውን ሳብኩ። ጥዱ ክሩን በስንዝር አለፈው! ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም፤ መዝገብ ቤት ያደገ ዓይን ነው ያለኝ። ክሩን በራሴ ላይ ለካሁት። ትከሻዬ ጋ ነው የሚደርሰው። እናቴን አምና ለፋሲካ ሳቅፋት ጆሮዬን ትደርስ ነበር።

ጎረቤቴ ክሩን ተቀብላ ገላበጠችው። «ተቀምጠው ነው እንዴ የለኩት?»

«ሰው ሲያረጅ ያጥራል።»

«በዚህ አያያዛቸው ለሚቀጥለው ፋሲካ ፍየሌን ነው የሚያህሉት።»

ስልኬን አነሣሁ፤ መልሼ አስቀመጥኩት። የምፈርመውን አንብቤ ነው የምፈርመው ብያለሁ። እናቴ የፈረመችውን ግን ማንበብ የእኔ ሥራ አይደለም፤ ውሉ አሁን በእሷና በመልአኩ መካከል ነው። ከፈለገ ይጠይቃት።

በዋዜማው ጠዋት በርሜሉን ባጃጅ ውስጥ አስገባነው። ጥዱ በጎን ተጋድሞ፣ የታሰረው ራሱ በበሩ ወጥቶ፣ ጎረቤቴ መንገዱን ሁሉ በሁለት እጇ ደግፋው ተጓዘች። ሹፌሩ በመስታወቱ እያየን፣ «ሐኪም ቤት ነው?» አለን። የደብሩ በር ላይ ጎረቤቴ ቆመች። «እኔ እዚህ እጠብቃለሁ፤ አንቺ አድርሺ» አለች። ሁለት ሰዎች በርሜሉን ተሸክመው ገቡ። የነፍስ አባቴ ጉድጓዱ ጋ ቆመው ነበር፤ ቀርከሃውንና ቃጫውን አይተው፣

«ይህ ምን ሆኖ ነው?» አሉ።

«ታርቀንበት ነው አባቴ።»

ሌላ አልጠየቁም። መስቀላቸውን ጫፉ ላይ አሳረፉ፤ ከገረሴ አፈሩ ጋር ተተከለ። ፍየል የጎረሰችው ጎኑ ወደ አጥሩ እንዲዞር አደረግሁ። ሰው ፎቶ ሲነሣም ደህናውን ጉንጩን ነው የሚሰጠው።

ገና ከበሩ ሳንርቅ ስልኬ ጮኸ።

«ገባ?» አለች እናቴ።

«ገባ እማዬ።»

«አውቄዋለሁ! ጭጋጉ አሁን ለቀቀ። እዚያ ማዶ የሚግጠው በሬ ቀንዱ ሁሉ ይታየኛል።»

ሰዓቴን አየሁ። ሦስት ተኩል ነው። ተወልጄ ያደግኩበት አገር ነው፤ የደብረ ብርሃን ጭጋግ በየቀኑ በዚህ ሰዓት ይለቃል። ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ጎረቤቴ ባጃጁ ውስጥ ሆና ቃጫ ያሻከረውን መዳፏን እያሸች ታየኛለች።

«አሜን በይ» አለች እናቴ።

«አሜን» አልኩ።